ሌጎ ሲቲ አንደርከቨር በፒኤስ 4፦ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለልጆች እንዴት ይዘጋጃል

ሌጎ ሲቲ አንደርከቨር የሚባለው የፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ጨዋታ ራሱ አያስቸግርም። 7 ዓመት የሞላው ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪና እየነዳ ከተማውን ያምሳል። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ቤተሰብ ራስ ምታት የሚሆነው ሌላው ነው። መሃል ላይ ድርግም የሚለው መብራት፣ ካልተነጠፈው መንገድ የሚገባው አቧራ፣ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ የማያውቅ ገመድ፣ በስህተት በልጁ ስም ሳይሆን «በእንግዳ» ተከፍቶ በማግስቱ ድራሹ የጠፋ የልጅ ልፋት። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጨዋታው ይልቅ በዙሪያው ባለው ነገር ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

ጨዋታው ለየትኛው ልጅ ይሆናል?

ሌጎ የዴንማርክ መጫወቻ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጺ እ.ኤ.አ. በ1932 ቢሉንድ ውስጥ ከእንጨት ጀመረው፤ እርስ በርሷ ጥብቅ የምትለዋ የፕላስቲክ ጡብ ፓተንቷ የተመዘገበው በ1958 ነው። ሌጎ ሲቲ የሚባለው ከመጫወቻዎቹ ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ፣ እሳት አደጋ፣ ባቡርና ግንባታ ያለበት የከተማው ክፍል ነው፤ አንደርከቨር ያንን ከተማ እንዳለ ስክሪን ላይ አመጣው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ዊ ዩ ለሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን ብቻ ነበር። በ2017 ለፒኤስ 4፣ ለኤክስቦክስ ዋን፣ ለስዊችና ለኮምፒውተር ሲመጣ ነው ሁለት ልጅ በአንድ ቲቪ የሚጫወትበት መንገድ የተጨመረለት። ለፒኤስ 3 አልወጣም። «ለፒኤስ 3ም አለኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ የሌጎ ጨዋታ ሊሸጥላችሁ ነው።

ልጁ የሚጫወተው ቼዝ ማኬይን የሚባለውን ፖሊስ ሆኖ ነው። ከእስር ያመለጠውን ሬክስ ፊውሪን ፍለጋ 15 ምዕራፎችን ያልፋል። ደም የለም፤ ወንጀለኛ የሚያዘው ተጥሎ በካቴና ነው፤ የአውሮፓው የዕድሜ ምልክትም 7 ነው። መኪና፣ አግዳሚ ወንበር፣ የመንገድ መብራት እየሰባበሩ መሄድ ግን አለ። ይህ የጨዋታው ዋና ሥራ ነው፤ ልጁን «ለምን ትሰብራለህ?» ብላችሁ አትቆጡት፣ ካልሰበረ የሚገነባበት ጡብ አያገኝም።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። ጨዋታው ውስጥ ሰዎቹ በእንግሊዝኛ ብዙ ያወራሉ፤ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ምርጫ ውስጥ የለም። ሥራው በምልክት ስለሚታይ ንግግሩ ያልገባው ልጅም መጫወት ይችላል፣ ቀልዱ ግን ያመልጠዋል። ገና ማንበብ ላልጀመረ ልጅ የምንመርጠው ሌላ ሲዲ ነው። የሌጎ ጨዋታዎች እስከ 2012 ድረስ ገጸ ባሕርያቱ በቃል አይናገሩም ነበር፤ እያጉተመተሙና በእጅ እያሳዩ ነው የሚግባቡት። ለፒኤስ 4 ከወጡት ውስጥ ሌጎ ሃሪ ፖተር ኮሌክሽን ከነዚያ የድሮዎቹ የተሰበሰበ ስለሆነ ቋንቋ አይጠይቅም። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ለሁለቱም ያገለግላል።

ዕቃው

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ፒኤስ 4 ስሊም፣ 2 ጆስቲክ፣ 1 የኤችዲኤምአይ ገመድ (ምስልና ድምፅ ወደ ቲቪ የሚያደርሰው)፣ ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ (ዳታ የሚያስተላልፍ፣ ቢቻል 2)፣ የጨዋታው ሲዲ፣ 16 ጊጋ ፍላሽ፣ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ጥቂት የሚያቆየው)። ስሊሙን ያልነው ብዙ መብራት ስለማይበላና ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ወፍራም ፒኤስ 4ም ይሠራል፣ ነገር ግን ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ፋኑ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል።

ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቆዩ፤ አብርቶ ማሳየት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ የስልክ መብራት አብሩና የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውን ከጀርባ እዩ። ውስጡ ቀጭን ምላስ አለ፤ ምላሱ ላይ በረድፍ የተደረደሩት ጥቃቅን እግሮች ሁሉ ቀጥ ብለው፣ በእኩል ርቀት መቀመጥ አለባቸው። አንዷ እንኳ ከጎረቤቷ ጋር ከተነካካች ወይም ምላሱ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ያ ማሽን ሕፃናት ባሉበት ቤት ተጎትቶ ያውቃል። ከዚያ ገመዱን ሰክታችሁ ምስል ሲመጣ ጫፉን በጣት በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ነካ ነካ አድርጉት። ምስሉ ብልጭ ካለ ወይም ከጠፋ ተዉት፤ ይህን ቀዳዳ መቀየር ጥሩ ብየዳ ይጠይቃል፣ በደንብ የሚሠራውን ማግኘት ደግሞ ዕድል ነው።

ቀጥሎ ሲዲ አስገቡ። ሻጩ ሲዲ ከሌለው ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስቦ ካስገባ በኋላ ሳያንኮራፋ ማንበብ፣ ስታስወጡትም ወዲያው መትፋት አለበት። ሳትነኩት ራሱ የሚተፋ ከሆነ ሲዲ አንባቢው ወይም ማስወጫ ቁልፉ ችግር አለበት። በመጨረሻ አንድ ጨዋታ ከፍታችሁ 15 ደቂቃ ይሂድ፤ የመብራቱ መስመር ወደ ቀይ ከተለወጠ ማሽኑ በሙቀት ተጨንቋል ማለት ነው።

ሃርድ ዲስኩ ላይ «40 ጌም ተጭኖበታል» የሚባል ማሽን ያማልላል። እዚህ ጋ ጥንቃቄ። በሌላ ሰው አካውንት የተገዛ ጨዋታ ያ አካውንት ከሌላ ማሽን ጋር ሲታሰር ምልክቱ ላይ ቁልፍ ይወጣበትና አይከፈትም፤ ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ሲዲ ከሆነ ግን የናንተ ነው፤ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ይጫወታል፣ ልጆቹ ሲጠግቡት ይሸጣል ወይም ከጎረቤት ጋር ይለዋወጣል።

ከውጭ ዘመድ የላከው ዕቃ ካለ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ፒኤስ 4 በአብዛኛው «100–240» ይላል፤ ያ እኛ ቤት ባለው 220 ቮልት ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ ኤክስቦክስ 360 ግን ትልቁ ጥቁር ቻርጀሩ የተሠራው ለ110 ነው፤ ዊ የሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን ቻርጀርም እንደዚያው። የሶኬት ጫፍ መቀየሪያ ገዝቶ ሰካው ማለት ማቃጠል ነው። ጫፉ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም።

ቦታና መብራት

ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ማሽኑ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ቲቪው ሥር ባለው ዝግ መደርደሪያ ነው። መጥፎ ቦታ ነው። ፒኤስ 4 አየር የሚስበው ከጎኖቹ፣ የሚተነፍሰው ከኋላው ነው፤ በየአቅጣጫው 10 ሴንቲሜትር ክፍት ይፈልጋል። ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ጠንካራ ነገር ላይ፣ ልጅ ሲሮጥ ገመድ በማይረግጥበት ጥግ አስቀምጡት። ምንጣፍ፣ ፍራሽና መከዳ ላይ በፍጹም። ቡና ሲፈላም ረከቦቱ ከማሽኑ ራቅ ይበል። የከሰሉ አመድና የዕጣኑ ጭስ በፋኑ ተስቦ ገብቶ ከአቧራው ጋር ይጋገራል፤ ያ ድብልቅ በብናኝ ማጽጃ ብቻ የሚለቅ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ አቧራው በሚበረታበት ወቅት፣ ካጠፋችሁትና ከቀዘቀዘ በኋላ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ሲሠራ ጨርቁ መነሣቱን ልጆቹ እንዲያረጋግጡ አስለምዷቸው።

አሁን ወደ መብራቱ። ብዙ ሰው የሚፈራው ኃይል ማነሱን ነው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል። ነገር ግን 100–240 የተጻፈበት ማሽን በዚያ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ድንገት መቋረጡና ተመልሶ ሲመጣ ያለው ምት ነው። መቋረጡ ሃርድ ዲስኩን እየጻፈ ያገኘዋል፤ ምቱ ደግሞ ውስጥ ያለውን የኃይል ክፍል ይመታል።

ስታብላይዘር ምቱን ያበርዳል፣ መቋረጡን ግን አያስቀርም። እንዲያውም ኃይሉ ከመጠን በታች ሲወርድ ራሱ ይቆርጣል፤ ልጁም «መብራት ሳይሄድ ጌሜ ጠፋ» ብሎ ያለቅሳል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ዩፒኤስ ግዙ። ፒኤስ 4 ስሊምና 32 ኢንች ቲቪ አንድ ላይ 150 ዋት አካባቢ ቢወስዱ፣ አዲስ ባትሪ ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ እስከ 10 ደቂቃ ያቆያቸዋል። ያ ጨዋታ ለመቀጠል ሳይሆን ለማጥፋት የተሰጠ ጊዜ ነው። ሦስት ነገር አስታውሱ፦

ዩፒኤሱ ላይ ማሽኑና ቲቪው ብቻ ይሰኩ። ፍሪጅ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ከተጨመሩበት እየጮኸ ይጠፋል።

ስታብላይዘር ካላችሁ የማዘግየት ቁልፉን ረጅሙ ላይ (ብዙዎቹ ላይ 180 ሰከንድ የሚለው) አድርጉት። መብራት ተመልሶ እንደገና የሚሄደው በብዛት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አትቀጥሉ። የላላ ሶኬት ውስጡ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ለማሽኑ መብራት በሰከንድ ሃያ ጊዜ እንደሄደና እንደመጣ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ይህን ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ ጨርሱት። «ቆይ፣ አንዴ» እየተባለ አንድ ሰዓት ከቆየ ሕፃን ጋር ማሽን አይዘጋጅም።

1. ማሽኑን በኤችዲኤምአይ ከቲቪው ጋር አገናኙ፤ በሪሞት ቲቪውን ገመዱ ወደተሰካበት ኤችዲኤምአይ ቁጥር ቀይሩት። ጥቁር ሆኖ ከቀረ ማሽኑን አጥፉና የማብሪያ ቁልፉን ሁለተኛ ቢፕ እስኪል፣ 7 ሰከንድ ያህል፣ ተጭናችሁ ያዙ። ሴፍ ሞድ (የችግር መፍቻው ገጽ) ሲመጣ ቁጥር 2ን መርጣችሁ የምስሉን መጠን ቀይሩ። እዚህ ገጽ ላይ ጆስቲኩ የሚሠራው በገመድ ተሰክቶ ብቻ ነው።

2. ጆስቲኩን በማይክሮ ዩኤስቢ ሰክታችሁ መሃል ያለውን የፒኤስ ቁልፍ ተጫኑ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ጆስቲኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ። ከርካሽ ፓወር ባንክ ጋር የሚመጣው ገመድ ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ የቻርጅ ሽቦ ብቻ ነው፣ ዳታ የለውም፤ ባትሪ ይሞላል፣ ከማሽኑ ጋር ግን አያስተዋውቅም። በሌላ ገመድም እምቢ ካለ ከጆስቲኩ ጀርባ፣ ኤል 2 ከሚባለው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ለ5 ሰከንድ ተጭናችሁ እንደገና ሞክሩ።

3. ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ዩዘር ክፈቱ፦ ኒው ዩዘር፣ ከዚያ ክሪኤት ኤ ዩዘር። የኢንተርኔት አካውንት ሲጠይቅ ስኪፕ በሉት። ፕሌይ አዝ ኤ ጌስት የሚለውን ለመጀመሪያው ተጫዋች አትንኩ፤ እንግዳ ሲወጣ የሠራው ሁሉ ይጠፋል። ይህ የቤት ውስጥ ለቅሶ ትልቁ ምንጭ ነው።

4. ሲዲውን አስገቡ፤ ኮፒ ሲያደርግ ተዉት። ሃርድ ዲስኩ ላይ 40 ጊጋ ክፍት ይኑር። ተጭኖ ካለቀ በኋላም ሲዲው በተጫወታችሁ ቁጥር ውስጥ መሆን አለበት።

5. ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ ኦቶማቲክ ዳውንሎድስ ገብታችሁ ምልክቶቹን አንሡ። በሞባይል ፓኬጅ ዋይፋይ የምታበሩ ከሆነ ይህን ዘልላችሁ ያለፋችሁ ለት ማሽኑ ዝምታችሁን ተጠቅሞ የወሩን ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

6. ሲጨርሱ በሬስት ሞድ (ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ በእንቅልፍ) አታሳድሩት። ብርቱካናማ መብራት በርቶ ያደረ ማሽን ጠፋ አይባልም፤ ሌሊት መብራት ቢሄድ እንደተነቀለ ይቆጠራል። ተርን ኦፍ ፒኤስ 4 የሚለውን ምረጡ።

ሁለት ጆስቲክ፣ አራት ልጅ

ሁለተኛው ጆስቲክ ሲበራ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሁለተኛውን ልጅ ዩዘር ምረጡ። የጎረቤት ልጅ ከሆነ ለሁለተኛ ተጫዋችነት እንግዳ መሆኑ ችግር የለውም፣ ምክንያቱም ጨዋታው የሚቀመጠው በመጀመሪያው ዩዘር ስም ነው። ጨዋታው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ በሁለተኛው ጆስቲክ ላይ ኦፕሽንስ ሲጫን ልጁ ይቀላቀላል፤ ሲደክመው ወጥቶ ሌላ ይገባል፣ የሚቋረጥ ነገር የለም።

የመብራቱን ቀለም አስተምሯቸው። ሰማያዊ የበራበት ጆስቲክ መጀመሪያ የገባው፣ ቀይ ሁለተኛው ነው። ትንሹ ልጅ ቀድሞ ማሽኑን በራሱ ዩዘር ከከፈተውና ጨዋታውን ካስጀመረው ታላቅየው ያለፋቸው ስምንት ምዕራፎች የሉም፣ እንደ አዲስ ይጀምራል። አልጠፉም። ጨዋታውን ዝጉ፣ በታላቅየው ዩዘር ክፈቱ፣ ይመለሳሉ። ይህን የማያውቅ ወላጅ ነው «ሚሞሪው ተበላሽቷል» ተብሎ ማሽን ይዞ ሱቅ የሚሄደው።

ሁለት ልጆች ሲጫወቱ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በ32 ኢንች ቲቪ ላይ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነውና ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ይቀመጡ። አብሮ መሄድን የሚመርጡ ልጆች ይቀናቸዋል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ወርዶ ይገነባል። አራት ልጅ ካለ ተራ የሚቀየረው በሰዓት ሳይሆን አንድ ሥራ ሲያልቅ ይሁን። በሰዓት ከሆነ ሌባው ሊያዝ አንድ እርምጃ ሲቀረው ጆስቲክ መንጠቅ ይመጣል፣ የጆስቲክ ዕድሜ የሚያጥረውም እዚያ ጋ ነው።

ጨዋታው ውስጥ ልጆች የሚያዙበት ቦታ

ለመዝለል ኢክስ፣ ለመገንባት ክብን ተጭኖ መያዝ፣ መኪና ለመግባትና ለመውረድ ሦስት ማዕዘን። የቀረውን ስክሪኑ ራሱ በምልክት ያሳያል። የመጀመሪያው ስህተት ክብን ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ የሚዘሉት ጡቦች ሠርተው እስኪያልቁ ጣት አይነሣም።

ሁለተኛው ግራ መጋባት ገንዘብና ጡብ ናቸው። ዕቃ ሲሰበር የሚበተኑት፣ ልጆች ሳንቲም የሚሏቸው ክብ ስታዶች ናቸው፦ ብር ቀለም 10፣ ወርቃማ 100፣ ሰማያዊ 1,000፣ ወይን ጠጅ 10,000። በእነዚህ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አዳዲስ ሰዎችና መኪኖች ይገዛሉ። ጡብ ደግሞ ሌላ ቆጣሪ አለው። ከተማው ውስጥ ትላልቅ ግንባታዎች የሚሠሩባቸው ሰሌዳዎች አሉ፤ ምን ያህል ጡብ እንደሚፈልጉ ከላያቸው ይታያል። ልጁ 200,000 ስታድ ይዞ ድልድዩ ለምን እምቢ እንዳለው ሲጠይቃችሁ መልሱ ይህ ነው፤ ብሩ ሞልቷል፣ ጡቡ ጎድሏል። አጥርና ቆሻሻ መጣያ እየሰበረ ይዙር፤ ትልልቆቹ አብረቅራቂ ጡቦች ሲገኙማ ባንዴ ብዙ ይጨምራሉ።

ሦስተኛውና ትልቁ «ጌሙ ተበላሽቷል» የሚያስብለው ነው። ቼዝ 8 ዓይነት ልብስ አለው፤ ሲቪል፣ ፖሊስ፣ ሌባ፣ ማዕድን ቆፋሪ፣ የጠፈር ተጓዥ፣ ገበሬ፣ እሳት አደጋና የግንባታ ሠራተኛ። እያንዳንዱ ልብስ የራሱ በር አለው። የተቆለፈ በርን በፌሮ የሚፈነቅለውና ካዝና የሚከፍተው ሌባው ነው። ዐለት የሚያፈርሰው ቆፋሪው። በሳንቃ የተመታ በርን በመጥረቢያ ሰብሮ የሚገባው፣ እሳትም የሚያጠፋው እሳት አደጋው ነው። ገበሬው ዶሮ ይዞ ከጣራ ወደ ጣራ ይንሳፈፋል፤ ልጆች ይህን ሲያዩ ለአንድ ቀን ሌላ ሥራ አይሠሩም። አስፋልት የሚቦረቡረውና የተበላሸ የመብራት ሳጥን የሚጠግነው የግንባታ ሠራተኛው ነው፤ (እሱን ለሰፈራችንም በላኩልን ያሰኛል)።

ልብሶቹ የሚገኙት በታሪኩ ውስጥ እየተራመዱ ነው። ከተማው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ስለሆነ ልጁ ገና ያላገኘው ልብስ የሚከፍተው በር ፊት ቆሞ ግማሽ ሰዓት ሲደበድብ ይውላል። በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ፤ ያ ልብስ ከሌለው «ተወው፣ ታሪኩን ቀጥል፣ ኋላ ትመለስበታለህ» በሉት። በከተማው 450 የወርቅ ጡብ ተደብቋል፤ አብዛኛው ሊሰበሰብ የሚችለው 15ቱ ምዕራፎች ካለቁ በኋላ ስለሆነ ከታሪኩ በፊት መሰብሰብ ድካም ነው።

ለመውጣት የተሠሩ ቦታዎች ነጭና ሰማያዊ ቀለም አላቸው። ይህን አንዴ ያሳያችሁት ልጅ «በየት ልውጣ?» ብሎ አይጠይቃችሁም።

ደግሞ መጫኛ ገጹ ረጅም ነው፤ የሚሽከረከር ምልክት እስካለ ተጣብቆ አይደለም። አልከፈት አለ ብሎ ገመድ የሚነቅል ልጅ ካለ ዘንድሮ ሳይሆን ዛሬውኑ ይነገረው።

መብራት ሲሄድ

ዩፒኤሱ ሲጮህ ታላቅየው ልጅ የሚያደርገው ነገር በቃሉ ይወቅ። ጥግ ላይ የመቅዳት ምልክት እየዞረ ከሆነ እስኪቆም ይጠብቅ፤ ከዚያ የፒኤስ ቁልፍን ተጭኖ ይያዝ፣ ፓወር፣ ተርን ኦፍ። ቲቪው ዩፒኤሱ ላይ ካልተሰካና ምስሉ ከጠፋ ማሽኑ ላይ ያለውን የማብሪያ ቁልፍ ሁለተኛ ቢፕ እስኪል መያዝ ያጠፋዋል፤ አንዴ ነካ ማድረግ ግን ወደ ሬስት ሞድ ነው የሚልከው፣ የማንፈልገው እሱን ነው።

ዩፒኤስ ከሌለ ማሽኑና ቲቪው ወዲያው ከሶኬት ይነቀሉ። መብራት ሲመጣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ የፍሪጁ ድምፅ ተረጋግቶ አምፖሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ሰኩ። ማሽኑ በትክክል እንዳልጠፋ የሚነግር ጽሑፍ አምጥቶ ዲስኩን ይፈትሻል፤ አትቸኩሉበት፣ እየፈተሸ እያለ ሁለተኛ መብራት ከሄደ ነው ነገሩ የሚከፋው። ምዕራፍ መሃል ላይ ከነበሩ የተወሰነውን እንደገና መሥራት ይኖራል።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ የዘገየ፣ ምልክቶቹ የተዘበራረቁ ከሆነ ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ቁጥር 5ን፣ ሪቢልድ ዳታቤዝ የሚለውን ምረጡ። የተጫነውንና የተቀመጠውን አያጠፋም፤ ማውጫውን ብቻ እንደ አዲስ ያስተካክላል። ከሥሩ ያሉት 6 እና 7 ግን ሁሉን ነገር ይጠርጋሉ። ቁጥር ተሳስቶ የሚጫነው በችኮላ ስለሆነ ይህን የሚሠራው ልጅ ሳይሆን ትልቅ ሰው ይሁን።

ዲስኩ ደህና ሆኖ የልጁ የተቀመጠ ጨዋታ ብቻ ኮራፕትድ ዳታ (የተበላሸ) የሚል ከሆነ የሚያድነው ፍላሹ ነው። በየእሑዱ፣ ልጆቹ ገላቸውን እስኪታጠቡ፦ ሴቲንግስ፣ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት፣ ሴቭድ ዳታ ኢን ሲስተም ስቶሬጅ፣ ኮፒ ቱ ዩኤስቢ ስቶሬጅ ዲቫይስ። ፍላሹ በኤክስፋት ወይም በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማሽኑ አያየውም፣ ሰው ደግሞ ፍላሹ ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። ቅጂው የሚሠራው በየዩዘሩ ነውና የሁለቱም ልጆች በየራሳቸው ይገልበጥ።

ጆስቲክና ሲዲ

ቼዝ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ የግራው ዱላ ሥር ያለው አንባቢ አልቋል ወይም ቆሽሿል። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ዱላውን ወደ አንድ ጎን ገፍታችሁ፣ ጥጥ ላይ ንጹሕ አልኮል (90 ከመቶና ከዚያ በላይ) ነክራችሁ ዙሪያውን ጥረጉ፤ ዱላውን አሽከርክሩ፣ 10 ደቂቃ ይድረቅ። የሚጸዳው ቆሻሻ ከሆነ ይስተካከላል፤ ካለቀ ግን ከሳምንት በኋላ ይመለሳል፣ ያኔ ዱላው ይቀየራል። ብስኩትና ፈንዲሻ የበላ እጅ ሳይታጠብ ጆስቲክ መያዝ በብዛት የዚህ ምክንያት ነው።

ሲዲው ሲቆሽሽ በክብ አይጠረግም። ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥታ፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፤ በቀሚስ ጫፍ ወይም በሶፍት ወረቀት አይሁን። ከማሽኑ ሲወጣ ወዲያው ወደ ሳጥኑ ይመለስ፣ የተጻፈበት ፊት ወደ ላይ ሆኖ። ሲዲው ውስጥ እያለ ማሽኑን አንሥቶ ወደ መኝታ ቤት መውሰድም አይሆንም፤ እየዞረ ያለ ሲዲ ማሽኑ ሲዘነብል ክብ ጭረት ይወጣበታል፣ ያ ጭረት ደግሞ በምንም አይጠረግም።